አንድ ሰው የቀረው

ሙያዬ ማጠጋጋት ነበር፣
ሦስት የሚይዘው ላይ አራት፣ አራት የሚይዘው ላይ አምስት መደርደር።
ጉልበት ከጉልበት ገጥሞ፣ ጆንያ ከእግር ሥር ገብቶ፣
የሰው ልጅ በባዳ ጭን ላይ እንቅልፉን ተኝቶ፣
እኔ በሩ ላይ ተንጠልጥዬ፣ ግማሽ ጎኔ ለአዳማ ነፋስ ተሰጥቶ፣
«ጠጋ በሉ! ጠጋ በሉ! ሰው ሰውን አይበላም!»
ስል ኖሬ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ቃሌ አልሠራም።

ስድስት ሰው ብቻ ተባልን፣ ዋጋው እጥፍ ሆነ፣
በየመሐሉ አንድ ወንበር በቴፕ ተጀቦነ።
ስምንት ብር የነበረው አስራ ስድስት ሲባል፣
የሌለ ሰው ሒሳብ ካለው ሰው ይጠየቃል።
«ለማን ነው የምከፍለው?» ይሉኛል ተቆጥተው።
ባዶውን አሳያለሁ። «ከጎንዎ ላለው።»

ከመናኸሪያው በር አስፋልቱን ተሻግሮ
ይሰማ የነበር ድምፄ፣ ጨርቅ ውስጥ ቀረ ታጥሮ።
«ወንጂ!» ስል ሞጆ መስሎት አንዱ ገባ፣
ግማሽ መንገድ ላይ ወረደ፣ እየተራገመ፣ በአቧራ።
ነፋሱ ብቻ እንደ ድሮው፣ አዋጅ ያልሰማ፣
ሁሉን ተጠግቶ ይሄዳል በዚህች ከተማ።

ትራፊኩ አንገቱን በመስኮት አስግጎ ጭንቅላት ይቆጥራል፤
አንድ፣ ሁለት... ስድስት። እኔ ጋ ሲደርስ ያመነታል።
«ረዳቱስ ሰው ነው?» ሹፌሬ በዳሶ «ዕቃ ነው» ይላል።
ትራፊኩ ሳቀ መሰለኝ።
ዓይኑ ጠበብ ሲል ታየኝ።

አቶ ሄራሞ
ረቡዕ ረቡዕ ነው ለስኳራቸው መድኃኒት የሚመጡት፣
ዕድሜያቸውን ስኳር ፋብሪካ ሠርተው፣ ስኳር በሽታ ይዘው የወጡት።
ጭንብላቸው ሰማያዊ፣ ከልጅ ልጃቸው ዩኒፎርም የተቀደደ፤
«ትምህርት ቤት ቢዘጋ» ይላሉ፣ «ጨርቁ ሥራ ሄደ።»
መስኮቱ ሥር ይቀመጡና፣ ባርኔጣቸውን አንስተው ወደ ጎን፣
ለባዶው ወንበር «እንደምን አደርክ» ይሉታል፣ ዝቅ አድርገው ድምፅን።
ሰው ሲስቅ ዞር ብለው «ምኑ ነው?» ይሉ ነበር፣
«የከፈልኩለት ሰው ነው፣ ተኮራርፈን እንዋል እንደር?»

አንድ ረቡዕ መቶ ብር ሰጡኝ። ዝርዝር አልነበረኝም።
«የሳምንት ሰው ይበለን» ብለው ወረዱ፤ ዞረው አላዩኝም።

ሐሙስ ዕለት በዳሶ ምጥ የያዛትን ሴት ሰባተኛ አድርጎ ጫነ፣
ታርጋችን ተፈታ። መኪናው ከግቢ ቆሞ የዶሮ ማደሪያ ሆነ።
እኔ የሰው ብር በኪሴ፣ ሰማንያ አራት።
በራበኝ ቀን አውጥቼ ቆጠርኩት።
አጠፍኩት፣ መለስኩት።
(አንድ ቀን አሥሩን አንስቻለሁ። ዳቦ ነበር። በሳምንቱ ተካሁት።)

ኋላ ብር ተለወጠ፤ ለአሮጌው የሞት ቀን ተቆረጠለት፣
ባንክ በር በኖራ በተሰመረ ክብ ቆሜ ተሰለፍኩለት።
አዲስ ልብስ ለብሶ ወጣ፣
ባለቤቱ ግን አልመጣ።

አሁን ቴፑ ተልጧል። «ጠጋ በሉ» ብያለሁ።
ፊት ሁሉ ተገልጧል፤ እኔ ግን ግራ ገብቶኛል፣ አያለሁ፣ አያለሁ።
የማውቀው ዓይናቸውን ነው፤ ከዓይናቸው በታች ያለውን ሰውዬ
አንድ ቀን እንኳ አላየሁም። ወንጂ ገበያ ዞሬ ጠየቅሁ አንድ እሑድ ውዬ፦
«የትኛው ሄራሞ?» አሉኝ።
የቱን ፊት ልንገራቸው? ቃል አጠረኝ።

ሽማግሌ በገባ ቁጥር በሐሳቤ መዳፌን ዘርግቼ
አፉን እሸፍንና፣ የቀረውን አያለሁ ጎንበስ ብዬ ተጠግቼ።
ምናልባት አምስት ጊዜ ጭኛቸዋለሁ፣ ጉልበታቸው ጉልበቴን ነክቶ፤
እሳቸውም ዓይኔን እንጂ አያውቁ፣ ይሄው አፌ ተከፍቶ።
ምናልባትም...
እሱን አልጨርሰውም።

ሰማንያ አራት ብር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከመሪው ጎን ተሰክቷል፤
በዳሶ ክላክስ ይነፋል፣ «ሞልቷል እኮ!» ይለኛል። ሞልቷል።
በሩን ይዤ መናኸሪያውን ዳር እስከ ዳር እያየሁ፣
እንደ ልማዴ እጣራለሁ፦
ወንጂ! ወንጂ! አንድ ሰው የቀረው!
አንድ ሰው የቀረው!